በእጅ የተነከረ የሱፍ ክር፦ ከቱባው እስከ መርፌው

ለአንድ ሰፊ ሻርፕ የሚሆን ክር ፈልጌ፣ ክር በእጃቸው እየነከሩ ከሚሸጡ ሰዎች ከአንዱ ሦስት ቱባ ገዛሁ። መለያ ወረቀቱ እያንዳንዱ ቱባ 100 ግራም እንደሚመዝን፣ 400 ሜትር ገደማ እንደሚረዝም፣ ከዚያም ውስጥ 75 በመቶው የሜሪኖ ሱፍ፣ 25 በመቶው ደግሞ ናይለን እንደሆነ ይገልጻል። ቀለሙ ከጠቆር ያለ ቀይ ተነሥቶ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ የሚያደርገው ሽግግር እጅግ ያማረ ነው፤ የት ላይ ቀዩ አልቆ ወይን ጠጁ እንደሚጀምር በጣቴ ማሳየት አልችልም። ሆኖም ይህ ክር እጅ በገባ ሰዓት ለሥራ የደረሰ ዕቃ አይደለም፤ ሻጩ ሊነግረኝ የሚገባው፣ ነገር ግን ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው።

በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝናቸው ሁለቱ ቱባዎች 100 ግራም ሲሆኑ ሦስተኛው 97 ሆነ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሱፍ በእጅ ሲዳሰስ ሳያስታውቅ ከአየር ውስጥ ብዙ ርጥበት የሚይዝ ነገር ስለሆነ፣ የ3 ግራም ልዩነት ከአየሩ ጠባይ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከማሰሪያው ነው። ቱባ በማቅለሚያው ድስት ውስጥ እንዳይተበተብ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ላይ በክር ይታሰራል፤ ማሰሪያውም በክሮቹ መካከል እየተመላለሰ፣ ቀለም በሥሩ እንዲያልፍ ላላ ብሎ መታሰር ይኖርበታል። በሁለቱ ቱባዎች ላይ ይህ በትክክል ተደርጓል። በሦስተኛው ላይ ግን አንዱ ማሰሪያ ክሩን አንቆ ስለያዘው ቀለሙ ከሥሩ አልገባም፤ ስፈታው የጥፍር ስፋት የሚያህል ነጭ ቀለበት ብቅ አለ። የቱባው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ክሩ ሲሠራ ያ ነጭ ነጥብ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ይህን የእጅ ሥራ ውበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ግዴለሽ አስተሳሰር ነው እላለሁ።

ክሩን ከማጠንጠኔ በፊት ቀለሙን መፈተን ነበረብኝ፤ ሻርፑ ነጭ መስመር ስለሚኖረው ቀዩ ቢለቅ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ርጥብ ነጭ ጨርቅ በቱባው ላይ ለአፍታ ተጫንኩት፤ ጨርቁ ሮዝ ሆነ። በለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ስዘፈዝፈው ደግሞ ውሃው ቀላ። ጠቆር ያሉ ቀዮች መጀመሪያ ሲታጠቡ ጥቂት ቀለም መልቀቃቸው የተለመደ ነው፤ ያልተያያዘው ትርፍ ቀለም ነውና ወጥቶ ያልቃል። የእኔው ግን በሦስተኛው ውሃም አላቆመም፤ ይህም ክሩ ሲነከር በቂ ሙቀት ወይም በቂ አሲድ እንዳላገኘ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል። ቀለም የሚለቅ ክር በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨውና በአቼቶ ቢዘፈዘፍ ይስተካከላል የሚለው ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል። ሱፍ የሚነከርበት የአሲድ ቀለም ከክሩ ጋር የሚያያዘው አሲዱና ሙቀቱ አብረው ሲገኙ ነው፤ ሙቀት ከሌለ አቼቶው ሽታ ከመጨመር ያለፈ ሥራ አይሠራም። ለጥጥ ክር ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ በእጅ የሚነከር ጥጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን የሚይዘው የአሲድ ተቃራኒ በሆነው፣ ሶዳ አሽ በተባለው ዱቄት ስለሆነ አቼቶ ከነጭራሹ አይመለከተውም። ስለዚህ ቱባዎቹን አላልቼ እንደገና አሰርኳቸውና፣ ምግብ በማይበስልበት ድስት ውስጥ ሲትሪክ አሲድ በሟሟበት ውሃ ነክሬ፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 85 ዲግሪ አድርሼ ግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው፤ ሳላማስል፣ ሳላፈላም። ከዚያም እዚያው ድስቱ ውስጥ እንዲቀዘቅዙ ተውኳቸው። በማግስቱ ውሃው ከሞላ ጎደል ጠርቶ ነበር፤ ያ ነጭ ቀለበትም የተረፈውን ቀለም ጠጥቶ ሮዝ ሆኗል፤ ሳላስበው ጉድለቱ በከፊል ተሸፈነ ማለት ነው። ክሩ ሱፐርዎሽ በመባል የሚታወቀው፣ በመታጠብ ብዛት እንዳይጠጥር በፋብሪካ የታከመው ዓይነት በመሆኑ እንዲህ ያለውን ሙቀት ያለ ችግር አልፏል፤ ያልታከመ ሱፍ ቢሆን ኖሮ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ትንሽ ማሸት እርስ በርሱ አጣብቆ ያስቀረው ነበር።

ክሩ ከደረቀ በኋላ ማጠንጠን ነው። ቱባ ሳያጠነጥን በቀጥታ ሥራ የሚጀምር ሰው ከጥቂት ረድፍ በኋላ ውሉ የጠፋበት ክር ታቅፎ ይቀመጣል። ማዞሪያ ስለሌለኝ ቱባውን በሁለት ወንበሮች መደገፊያ ላይ ወጥሬ፣ ከዚያ ብቻ ማሰሪያዎቹን ቆረጥኩ። ክሩን የማጠነጥነው አውራ ጣቴን ከልቃቂቱ ጎን አጋድሜ በጣቴ ላይ ጭምር እያዞርኩ ነው፤ ጣቴን ሳወጣ ክሩ ይላላል፣ ልቃቂቱም ሲጨበጥ እጅ ውስጥ ይሰምጣል። ሱፍ ተወጥሮ ከተጠነጠነ ተወጥሮ ይሠራል፣ ሲታጠብም ወደ ልኩ ይመለስና ልብሱ ይጠባል። አንዱ ቱባ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል።

ሦስቱ ቱባዎች በአንድ ስም ቢሸጡም አንዱ ከሌሎቹ ጠቆር ይላል፤ በእጅ የተነከረ ነገር ሁሉ እንዲህ ነውና ሻጩን አልወቅሰውም። መፍትሔው ከሁለት ልቃቂት በየሁለት ረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ነው። ይህን ባላደርግ ኖሮ አንዱ ቱባ አልቆ ሌላው የጀመረበት ቦታ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታይ ነበር። ማፈራረቁ ለሌላም ጠቅሞኛል፤ ቀለማቱ በቱባው ዙሪያ ልክ ስለሚደጋገሙ፣ የረድፉ ስፋት ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ቀዩ በቀይ ላይ እየተደራረበ ያልታሰበ ነጠብጣብ ይፈጥራል። በሙከራ ቁራጬ ላይ ይህ አጋጥሞኝ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብለውጠው ጠፋ።

በተረፈው ክር የሞከርኩት የኪሮሽ ቁራጭ ግን አላረካኝም። ኪሮሹ ክሩን እየጠቀለለ ስለሚይዘው ያ ለስላሳ ሽግግር ተቆራርጦ እንደ ዝንጉርጉር ይታያል፤ ክርም ከሹራብ የበለጠ ይበላል። ይህን ክር ለሹራብ ሠሪ እንጂ ለኪሮሽ ሠሪ አልመክርም፤ ለሹራብ ሠሪም ቢሆን ከነጭ ጋር ላለማቀላቀል ወይም እንደ እኔ ድስት ለመጣድ ከቆረጠ ብቻ ነው።

ሻጩ በመለያው ላይ «ቀለም ይለቃልና አስቀድመው ይጠቡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምርና ማሰሪያውን ቢያላላው ያለ ማመንታት ደግሜ እገዛው ነበር። አሁንም ለሹራብ ልገዛ አስቤያለሁ፤ ከአንድ ድስት የወጡ አራት ቱባዎች በአንድ ጊዜ እንዲሰጠኝ ግን አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።