ዳታሃብን ከፖስትግሬስና ከዲቢቲ ጋር አገናኝቶ ለወራት መጠቀም፦ ምኑ ይሠራል፣ የቱ ጋ ያስቸግራል

ዳታሃብ ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ የዳታ ካታሎግ ነው፤ ማለትም የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚዘረዝር መዝገብ። እዚህ የሚገመገመው በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ነፃው ዓይነት ነው፤ ሜታዳታውን (ስለ ዳታው የሚናገረውን መረጃ፣ ለምሳሌ የቴብልና የዓምድ ስሞችን) የሚስበው ከአንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝና ከአንድ የዲቢቲ (ዳታቤዝ ውስጥ ያለን ዳታ በኤስኪውኤል ወደ አዳዲስ ቴብሎች የሚቀይር መሣሪያ) ፕሮጀክት ነው። ለወራት ሲሠራበት ከቆየ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ ማገናኘቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ካታሎጉ እየቆየ ሲሄድ ሰው ይመነው አይመነው የሚለውን ግን የሚወስነው በመጀመሪያው ቀን ማንም ቁብ የማይሰጠው የስም አወጣጥ ነው።

ስለ አጫጫኑ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለሙከራ የተዘጋጀው የዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባሉ የተለያዩ ሣጥኖች የሚያስኬድ መሣሪያ) ጥቅል 2 ሲፒዩ፣ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 2 ጊጋባይት ስዋፕና ከ10 ጊጋባይት በላይ ባዶ ዲስክ ይፈልጋል። በውስጡ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል፣ መልእክት አስተላላፊው ካፍካና የፍለጋ ሞተሩ አብረው ስለሚነሱ 8 ጊጋባይት ማለት «ይነሳል» ማለት ብቻ ነው፤ ሰው ሊሠራበት ከሆነ 16 ይሻላል። ገጹ በፖርት 9002፣ ሜታዳታ የሚቀበለው ሰርቪስ ደግሞ በ8080 ይከፈታል። መጀመሪያ የሚመጣው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ሁለቱም «ዳታሃብ» ነው፤ ዛሬውኑ ይቀየር። የሜታዳታ ሰርቪሱ ማረጋገጫ ካልበራ ደግሞ 8080ን የደረሰ ሁሉ ያለ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ይህን ዘንግቶ የገጹን ፓስወርድ ብቻ ማጠንከር የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን እንደ መተው ነው።

ማገናኛው ሬሲፒ የሚባል የያምል (ቅንብር የሚጻፍበት የጽሑፍ ፎርማት) ፋይል ነው። ከየት እንደሚሳብ የሚናገር ሶርስ፣ ወዴት እንደሚላክ የሚናገር ሲንክ፣ ካስፈለገም መሃል ላይ መረጃውን የሚለውጥ ትራንስፎርመር ይኖረዋል። ለፖስትግሬስ ሆስትና ፖርት፣ የዳታቤዝ ስም፣ ተጠቃሚና ፓስወርድ ይበቃል። ፓስወርዱ ፋይሉ ውስጥ አይጻፍ፤ ከኮማንድ ላይን ሲሆን ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ከገጹ ሲሆን ሲክሬት ከሚለው ክፍል ይምጣ። መጀመሪያ በድራይ ረን (ምንም ሳይላክ)፣ ቀጥሎ በፕሪቪው ይሞከር፤ ፕሪቪው ጥቂት ሥራዎችን ብቻ ልኮ ስለሚያቆም ስህተት ቢኖር የሚበላሸው ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ «ሎካልሆስት» ነው። ሬሲፒው ከገጹ ሲነሳ የሚሮጠው አክሽንስ በሚባለው ኮንቴነር ውስጥ ነው። እዚያ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴነሩ ራሱ ስለሆነ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል፤ ዳታቤዙ ግን አንዳች ችግር የለበትም። የሆስቱን ትክክለኛ አድራሻ ወይም በዶከር ኔትወርክ ውስጥ ያለውን የሰርቪስ ስም መጻፍ ነው መፍትሔው። ይኸው ኮንቴነር ለየሬሲፒው የፓይተን ፓኬጆችን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ፣ ወደ ውጭ መውጫ በተዘጋበት ሰርቨር ላይ ከገጹ የሚነሳ ሬሲፒ ዳታቤዙን ሳይነካ ገና ፓኬጅ ፍለጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ባለ ቤት ኮማንድ ላይኑን አስቀድሞ ጭኖ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስኬድ ይሻላል።

ፈቃድን በተመለከተ ፖስትግሬስ አንድ ጸባይ አለው። የቴብልና የዓምድ ስሞች የሚነበቡት ፒጂ ካታሎግ ከሚባለው የሥርዓቱ ስኪማ (ቴብሎች የሚመደቡበት ክፍል) ነው፤ ያንን ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ለካታሎጉ የተከፈተው ተጠቃሚ በቴብሎቹ ላይ የሰሌክት (ዳታውን የማንበብ) ፈቃድ ባይኖረውም መዋቅሩና በኮመንት የተጻፉት መግለጫዎች ይመጣሉ። ሰሌክት የሚያስፈልገው ፕሮፋይሊንግ (የዳታውን ይዘት አይቶ ማጠቃለያ የሚያወጣው ሥራ) ሲበራ ነው። መዋቅር ብቻ ለሚበቃው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የደንበኛ መረጃ ማንበብ የማይችል ተጠቃሚ ይዞ መሥራት ይቻላል።

አሁን ወደ ስሙ። ዳታሃብ እያንዳንዱን ነገር የሚያውቀው ዩአርኤን በሚባል ረጅም መለያ ነው። የቴብል መለያ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የመድረኩን ስም (ፖስትግሬስ)፣ በነጥብ የተያያዘውን የዳታቤዝ፣ የስኪማና የቴብል ስም፣ በመጨረሻም አካባቢውን፤ ምንም ካልተባለ «ፕሮድ» ይሆናል። አንድ ፊደል ከተለየ ለዳታሃብ ሌላ ቴብል ነው። ሁለት የፖስትግሬስ ሰርቨሮች ተመሳሳይ የዳታቤዝ፣ የስኪማና የቴብል ስም ካላቸው አንዱ ሌላውን እየደረበበት ይሄዳል። ይህን የሚለየው ፕላትፎርም ኢንስታንስ የሚባለው ቅንብር ነው። ዘግይቶ የተጨመረ እንደሆነ ግን ሁሉም ዩአርኤን ይቀየራል፤ በእጅ የተጻፈው መግለጫ፣ የተመደበው ባለቤትና ታጉ ሁሉ አሮጌው መለያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ሰርቨር ብቻ ቢኖርም በመጀመሪያው ቀን ስም ይሰጠው።

ዲቢቲ ሲጨመር ይኸው ጉዳይ በእጥፍ ይመጣል። የዲቢቲው ሬሲፒ ታርጌት ፕላትፎርሙን፣ ታርጌት ፕላትፎርም ኢንስታንሱንና አካባቢውን ልክ በፖስትግሬሱ ሬሲፒ እንደተጻፈው መያዝ አለበት። ሲገጥም የዲቢቲው ሞዴል (ቴብሉን የሚሠራው ኤስኪውኤል) እና የዳታቤዙ ቴብል በአንድ ገጽ ተዋሕደው ይታያሉ። ሳይገጥም ሁለት ተለያይተው ይቆማሉ፤ ሊኒየጁም (ዳታው ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየው መስመር) መሃል ላይ ይበጠሳል። የተለመደው ምክንያት ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ፖስትግሬስ ያለ ጥቅስ የተፈጠረን ስም ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይራል፤ በጥቅስ የተፈጠረውን ግን እንዳለ ይተወዋል፤ ኢንቲቲ ፍሬምወርክን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ደግሞ ስሙን በትልቅ ፊደል ጀምረው በጥቅስ ይፈጥሩታል። አንዱ ሬሲፒ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ሲያወርድ ሌላው ካላወረደ ጉዱ ይፈላል። ጥርጣሬ ካለ የሁለቱን ገጾች ዩአርኤን ቀድቶ አንዱን በሌላው ሥር አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማየት ነው፤ ሎግ ውስጥ ስህተት ሆኖ አይወጣምና።

ከዲቢቲ በኩል የትእዛዞቹ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ዳታሃብ ማኒፌስት፣ ካታሎግና ረን ሪዘልትስ የሚባሉትን የጄሶን ፋይሎች ያነባል። የካታሎግ ፋይሉን የሚያወጣው «ዲቢቲ ዶክስ ጄነሬት» የሚለው ትእዛዝ ግን የፈተናዎቹን ውጤት የያዘውን ረን ሪዘልትስ ይደርብበታል። ስለዚህ መጀመሪያ «ዲቢቲ ቢልድ»፣ ከዚያ የረን ሪዘልትስን ቅጂ ወደ ጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያ «ዶክስ ጄነሬት»፣ በመጨረሻ ቅጂውን ወደ ቦታው መመለስ። ይህ ከተዘለለ የፈተና ውጤቶቹ ገጹ ላይ አይታዩም።

የተሰረዙ ቴብሎች ካታሎጉ ላይ እንዳይቀሩ ስቴትፉል ኢንጀስሽን (ያለፈውን ሩጫ ከአሁኑ ጋር የሚያነጻጽረው ቅንብር) ይብራ፤ እንዲሠራ ሬሲፒው የማይለዋወጥ የፓይፕላይን ስም ያስፈልገዋል። ማጥፋቱ ሶፍት ስለሆነ መረጃው ከገጹ ይሰወራል እንጂ አይደመሰስም። መከላከያም አለው፦ ከባለፈው ሩጫ የተለየው ከ75 በመቶ በላይ ከሆነ ማጥፋቱን ይተወዋል፤ የስኪማ ማጣሪያ በስህተት ለተቀየረበት ሰው ይህ መዳኛ ነው። በሌላ በኩል ሩጫው አንድም ፌይለር (ያልተሳካ ነገር) ካስመዘገበ ጽዳቱ ሙሉ በሙሉ ይዘለላል። ሁሌ የሚወድቅ አንድ ነገር በቸልታ ከተተወ ካታሎጉ በሙታን ቴብሎች ይሞላል።

በእጅ የሚጻፉ መግለጫዎች ከምንጩ ከሚመጡት ተለይተው ስለሚቀመጡ በሚቀጥለው ሩጫ አይጠፉም፤ ይህ በደንብ የታሰበበት ነገር ነው። ባለቤት የሚመድበው ትራንስፎርመር ግን ካልተነገረው በስተቀር ያለውን ይደርብበታል፤ «ፓች» በሚለው (ያለውን ሳያጠፋ በሚጨምረው) ሁኔታ ይቀመጥ።

ፕሮፋይሊንግ ሲበራ ዓምድ በዓምድ የልዩ እሴቶች ቆጠራና መሰል ጥያቄዎችን ስለሚልክ ትልልቅ ቴብሎች ያሉበትን ዳታቤዝ ያስጨንቃል። በቴብል ደረጃ ብቻ እንዲሆንና የረድፍ ቁጥሩን በግምት እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል፤ ግምቱ ለፖስትግሬስና ለማይኤስኪውኤል ይሠራል። ከጭነቱ ይልቅ የሚያሳስበው የናሙና እሴቶች ጉዳይ ነው፤ ካልጠፋ በቀር ስልክ ቁጥርና ስም ካታሎጉን ለሚከፍት ሁሉ ይታያል። ሩጫው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሆን ከተፈለገ ክሮኑ ላይ 2 ተብሎ ይሞላ፤ የሰዓት ቀጠናውም አዲስ አበባ ይመረጥ።

ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ የፍለጋ ሞተሩ መጻፍ ያቆማል። ሩጫው «ተሳክቷል» እያለ ፍለጋው ግን አዲሱን ነገር አያገኝም። ዋናው መረጃ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ስለሆነ ባክአፕ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ የፍለጋ ኢንዴክሱ ሪስቶር ኢንዳይስስ በሚለው ሥራ እንደገና ይሠራል፤ የፕሮፋይሊንግና የፈተና ውጤቶች ግን የፍለጋ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ስለሚቀመጡ በዚህ አይመለሱም።

መግለጫ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አያመሳስልም፣ የአማርኛ ቅጥያም አይገፍፍም። «ደንበኛ» ብሎ የፈለገ «የደንበኞች» የሚለውን አያገኝም፣ «ሠራተኛ»ም በ«ሰራተኛ» አይገኝም። ከግሎሰሪው (ከካታሎጉ የቃላት መዝገብ) ላይ አንድ ቃል በአንድ አጻጻፍ ወስኖ ከየቴብሉ ጋር ማያያዝ ከጽሑፍ ፍለጋ የተሻለ ይሠራል።

ሃያና ሠላሳ ቴብል ብቻ ላለው ቡድን ይህ ሁሉ ማሽን አይመከርም፤ የዲቢቲው የራሱ የሰነድ ገጽ ይበቃዋል። ካፍካን ማስተዳደር ለማይፈልግ ደግሞ ኦፕንሜታዳታ የሚባለው ሌላ ካታሎግ ያለ እሱ ይሠራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ምንጮችን በአንድ ሊኒየጅ ማየት ለሚፈልግ ግን ዳታሃብ ድካሙን ይከፍላል፤ ሥሪቱን ሲያሳድጉ ኮማንድ ላይኑንና ሰርቨሩን አብረው ያሳድጉ።