«ለአበሻ አፍ የተዘጋጀ» የተባለውን የኢምፕሬሽን ትሬይ ከማዘዛችሁ በፊት

ውድ ባልደረቦች፣ የጥርስ ክሊኒክ ያላችሁ፣ የጥርስ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ የምትሠሩ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ የራሳችሁን ዕቃ መግዛት የጀመራችሁ፤ መሃል አዲስ አበባ ላይ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረ ያለ አንድ የኢምፕሬሽን (የጥርስና የድድ ቅርጽ) መውሰጃ ትሬይ ሽያጭ አለ። ከቸርችል ጎዳና እስከ ሜክሲኮ ባሉ ክሊኒኮች የሚሠሩ የማውቃቸው ሐኪሞች ጋ ደርሷል። እናንተ ጋም ሳይመጣ አይቀርም። እባካችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ። አነጋገራቸው ጥሩ ነው፣ ሙያውንም የሚያውቁ ይመስላሉ። «ከውጭ የሚገባው ትሬይ ለፈረንጅ አፍ የተሠራ ነው፤ እኛ ለአበሻ አፍ የሚሆን፣ ለእጃችሁም የሚመች ዲዛይን አድርገን በስሪዲ ፕሪንተር እናትምላችኋለን» ይላሉ። ትሬዩን ስክሪን ላይ እያሽከረከሩ ያሳያሉ። እጀታው ወፍራምና ጎበጥ ያለ ነው። የክሊኒኩ ስም ይቀረጽበታል። የአልጂኔት (በውሃ ተቦክቶ የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት ዱቄት) ማቡኪያ ስፓቹላም አብሮ አለ። አውቶክሌቭ (በትኩስ እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ይችላል፣ ዓመታት ያገለግላል ይባላል። ዋጋው ከስቲል ትሬይ ያነሰ ነው፤ ግን «የዲዛይን ክፍያ» የሚባል ነገር አለ፣ ግማሹም በቅድሚያ ይከፈላል።

የምሠራበት ክሊኒክ ከፍሎ ተረክቧል። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ስሙን ነገ ሊቀይረው ይችላል፤ ዕቃውን ለይታችሁ ብታውቁት ይሻላል።

መጀመሪያ የሙቀቱን ነገር ልናገር፤ ዋናው ማታለል እዚህ ላይ ነው። ትሬዩ የታተመው ፒኤልኤ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። በስሪዲ ፕሪንተር ሥራ ርካሹና በጣም የተለመደው እሱ ነው። ለሞዴልና ለማሳያ ዕቃ ምንም አይወጣለትም። ግን ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። አውቶክሌቭ ደግሞ የሚሠራው በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ነው። ያንን ሙቀት በምንም ተአምር አይችልም። እኛ ጋ ከአውቶክሌቭ የወጣው የላይኛው መንጋጋ ትሬይ ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ወለሉ ተጣሟል፣ እጀታው ወደ ታች ተንጋዷል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይወዛወዛል።

ስንደውልላቸው «እንግዲያው በኬሚካል ዘፍዝፉት» አሉን። ይህም መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ያለው ፕሪንተር ቀጭን የቀለጠ ክር እየደራረበ ነው የሚሠራው። ጥፍራችሁን በጎኑ ላይ ብታንሸራትቱ መስመር መስመሩ ይሰማችኋል። በመስመሮቹ መካከል ምራቅና ደም ይገባል፣ ብሩሽ ግን አይደርስም። ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ ሌላ ሰው አፍ ለሚገባ ዕቃ ይህ ፈጽሞ የሚሆን አይደለም። በደም የሚተላለፈውን ሄፓታይተስ ቢን ማንም የጥርስ ሐኪም አይረሳውም።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ናሙናውን ተቀበሉ፣ ማንቆርቆሪያ ጣዱ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ከትታችሁ በፒንሳ ጫን በሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፒኤልኤን ለማጋለጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። በሻይ ውሃ የሚለሰልስ ትሬይ አውቶክሌቭ ይችላል ያለ ሰው ሌላው ቃሉም አይታመንም። ገዢ ፊት ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የሙቀቱ ችግር ዓይን ያየዋል። የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው።

ትሬይ ከሁሉ በፊት ግትር መሆን አለበት። አልጂኔትም ሆነ ሌላው የቅርጽ መውሰጃ ቁስ፣ ሲሊኮን፣ የያዘውን ቅርጽ የሚጠብቀው ትሬዩ ሳይንቀሳቀስ ሲይዘው ነው። ጎኑ ስስ ወይም ለስላሳ ከሆነ፣ በተለይ ጠጣር ፑቲ (የሲሊኮን ሊጥ) ሞልታችሁ ስትጫኑ ጎኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ከአፍ ሲወጣ ተመልሰው ይገጥማሉ። ኢምፕሬሽኑን ስታዩት ምንም እንከን የለውም። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ አረፋ የለበትም። ላብ ይሄዳል፣ ጀሶ ይፈስበታል። በጀሶው ላይ ያለው ጥርስ ግን ከእውነተኛው ጥርስ ጠብቧል። ክራውኑ (የተሞረደውን ጥርስ የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ቆብ) ሲመጣ አልገባ ይላል። ከዚያ ሐኪሙ ላቡን፣ ላቡ ሐኪሙን ይወቅሳል። በመሃል ታካሚው እንደገና ይመላለሳል፣ ጥርሱ እንደገና ይሞረዳል። እ.ኤ.አ. በ1971 ማክሊን እና ፎን ፍራውንሆፈር ያሳተሙት ጥናት ለክራውን ጠርዝ ክፍተት 120 ማይክሮንን እንደ ገደብ አስቀምጦ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። 0.12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በሁለት ጣት ሲጨመቅ የሚታጠፍ ትሬይ ይዞ ይህን መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ ጎንና ጎኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ አድርጉት። ሲጠብ በዓይናችሁ ካያችሁት አትግዙት። ካሊፐር ካላችሁ ደግሞ በመንጋጋ ጥርሶቹ በኩል ያለውን ስፋት ከማምከናችሁ በፊትና በኋላ ለኩ።

ቀዳዳዎቹንም እዩልኝ። ትሬይ የሚበሳው አልጂኔቱ በቀዳዳው ገብቶ እንዲይዝ ነው። ካልተበሳ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ውስጥ የሚመለስ ከንፈር ይኖረዋል። እነዚህ የሸጡልን ቀዳዳው ወለሉ ላይ ብቻ ነው፣ ጎኑ ልሙጥ ነው፣ ጠርዙም ባዶ ነው። አልጂኔቱ ከጎኑ ትንሽ ከለቀቀ ኢምፕሬሽኑ ተበላሽቷል፤ ተመልሶ ስለሚቀመጥ ደግሞ አታዩትም። የትሬይ ማጣበቂያ ይረዳል፤ እሱም ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ሲደርቅ ነው። የዲዛይን ጉድለትን ግን ማጣበቂያ አይሸፍንም።

እጀታው የሽያጩ ጌጥ ስለሆነ ስለሱ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል፣ ሲጨብጡትም እጅ ይሞላል። የትሬይ እጀታ ግን የሚመዘነው አፍ ውስጥ ሆኖ ነው። ወፍራም ሆኖ ከፊት ጥርስ ጎን ወዲያው ከተነሣ የላይኛውን ከንፈር ይገፋዋል። ከንፈር ከተገፋ ከፊት ያለው የድድ ጥግ በትክክል አይወጣም። ጥርስ ለሌለው አፍ የሚሠሩ ደህና ትሬዮች እጀታቸው መጀመሪያ ቆም ብሎ ከዚያ ወደ ፊት የሚታጠፈው ለዚህ ነው፤ ከንፈር ሳይነካ ያልፋል። ከሁሉ በላይ እጀታ ጥንካሬ ያስፈልገዋል። አልጂኔት ቀስ ተብሎ እየተወዛወዘ አይወጣም። በአንዴ፣ በጥርሱ አቅጣጫ፣ ፈጠን ተብሎ ነው የሚወጣው፤ ዝግ ካላችሁ ይቀደዳል፣ ቅርጹም ይዛባል። ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው እጀታው ከትሬዩ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

በእኛ ክሊኒክ የተሰበረው እዚያው ላይ ነው። አውቶክሌቭ ካልገቡት አዲሶቹ አንዱ ነበር፤ በኬሚካል ብቻ ነው የጸዳው። ታካሚዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አልጂኔቱ ደርቋል። ባልደረባዬ እጀታውን ይዛ ስትስብ ቀጭ አለና እጀታው ብቻ በእጇ ቀረ። ትሬዩ ከላይኛው መንጋጋ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። እማማ ማስታወክ ጀመራቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ያዙ። ባልደረባዬ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ በአፍንጫቸው እንዲተነፍሱ ነገረቻቸው፣ ጣቷን በጉንጫቸው በኩል አስገብታ ከኋላ ጠርዙ ላይ አየር አስገባች። ያኔ ለቀቀ። የተሰበረውን ቦታ አየሁት። ክሮቹ ተደራርበው የተለጠፉበት መስመር ላይ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ ነው የለቀቀው። ሲታተም መስመሮቹ የተዘረጉት እጀታው በሚሳብበት አቅጣጫ ተሻግረው ነው። ሲሳብ ድርብርቡ ይለያያል። ይህን ሳያስብ እጀታ የሚሥል ሰው ዲዛይነር ነኝ ሊል አይገባም።

አሁን «የአበሻ አፍ» ወደሚለው ልምጣ። ይህ አባባል ሰው ልብ ውስጥ ስለሚገባ ነው የሚሸጠው። ለአገራችን ሰው የተሠራ ነገር ማን ይጠላል? እኔም አልጠላም። ግን መንጋጋ በዜግነት አይለካም። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድምና እህት እንኳ የተለያየ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ትሬይ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እየተባለ ለላይና ለታች የሚሠራው ለዚህ ነው። ቁጥሩም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ አፍ ላይ ሞክሮ መምረጥ ግድ ነው። በአልጂኔት ስንሠራ በትሬዩና በጥርሱ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ እንዲቀር እንፈልጋለን። የታችኛው ትሬይ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ያለውን የድድ እብጠት መሸፈን አለበት። እነሱ ያመጡት ለላይ አንድ፣ ለታች አንድ ነው። ጠባብ ነው፣ ከኋላም አጭር ነው። ሌላ መጠን ስንጠይቅ «እሱ አዲስ ዲዛይን ስለሆነ ለብቻው ይከፈላል» ተባልን።

በእውነት በልክ የሚሠራ ትሬይ እኮ አለ። ለአንድ ታካሚ፣ በዚያው ታካሚ የጀሶ ሞዴል ላይ ይሠራል። ቴክኒሺያኑ ሰም አንጥፎ ቦታ ያስቀራል፣ አክሪሊክ ዱቄቱንና ፈሳሹን አቡክቶ ይቀርጸዋል። ለሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን ጠርዙን ከድድ ጥግ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳጥረዋል። አክሪሊኩ መጠኑ እስኪረጋ አሳድሮ በማግስቱ ይሰጣችኋል። ይህን አሳምረው የሚሠሩ ቴክኒሺያኖች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ። የዲዛይን ክፍያ ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

አገር ውስጥ የእጅ መሣሪያ መሠራቱን አጥብቄ ነው የምደግፈው። የውጭ ምንዛሬ ጠፍቶ ትሬይ ስንፈልግ የተንከራተትንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። በደንብ ሊሠራም ይችላል። ሙቀት የሚችል ቁስ ከተመረጠ፣ የጎኑ ውፍረት በቂ ከሆነ፣ መጠኖቹ በእውነተኛ የጀሶ ሞዴሎች ላይ ተለክተው ከወጡ፣ ናሙናው ተደጋግሞ መክኖ ከተለካ፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያዋ ገዢ እሆናለሁ። ሐኪምና ረዳት ነርስ ሳይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጂኔት ሳያቦካ ሥሎ ቀብድ የሚቀበለውን ነው የምቃወመው። ስፓቹላው ራሱ ይመሰክራል። አልጂኔት የሚቦካው ከጎማው ሳህን ግድግዳ ጋር ተጭኖ እየታሸ ነው። የነሱ ስፓቹላ ሲጫኑት ይታጠፋል። ዱቄቱ ሳይሟሟ ጉብ ጉብ ብሎ ይቀራል።

እጀታው ላይ የ«ሲኢ» ምልክት ታትሞበታል። አያታላችሁ። የአውሮፓ ገበያ ምልክት ነው፤ እንደ ትሬይ ላለ ዝቅተኛ ስጋት ላለው ዕቃ አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ነው። ፕሪንተር ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል። እኛ አገር የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ከባለሥልጣኑ ያገኛችሁትን ወረቀት አሳዩን በሏቸው። እኛ ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ብቻ ነው ያሉት።

የገንዘቡ ጉዳይ አጭር ነው። ውሉ ላይ የዲዛይን ክፍያ አይመለስም ይላል። ፋይሉ የነሱ ሆኖ ይቀራል፤ የከፈላችሁበትን ዲዛይን ወስዳችሁ ሌላ ቦታ ማሳተም አትችሉም። ደረሰኝ «በኋላ» ይባላል። የሰጡን አድራሻ ፒያሳ ነበር፤ ስንሄድ የሉም፣ በስልክ ሲጠየቁ «ልማት አስነስቶን ነው» አሉ። ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሐቀኛ ነጋዴዎች ቦታ ቀይረዋል፣ ያ በራሱ ጥፋት አይደለም። ግን አዲሱን አድራሻ ለደንበኛ የማይናገር ነጋዴ የለም።

ከፍላችሁ ለተረከባችሁ፦ ትሬዮቹን ለታካሚ አትጠቀሙባቸው፣ ግን አትጣሏቸው። ከመመከኑ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የቴሌግራም መልእክቱን አስቀምጡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በስልክ ብቻ አትተዉት፤ ጉድለቱን ዘርዝራችሁ በጽሁፍ ላኩ፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ ያዙ። እኛ ልከናል። መልስ ከመጣ እዚሁ እጽፋለሁ። እናንተም የደረሰባችሁን ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን ለባለሥልጣኑ በጋራ ለማስገባት እየተዘጋጀን ነው።