የአሉሚኒየሟ ኢ6ቢ በድሬ ሙቀት

ለተግባር በረራ ፈተና ኢ6ቢ የተባለችውን በእጅ የምትዞር የአብራሪዎች የስሌት ዲስክ የምትገዙ ከሆነ የአሉሚኒየሟን ውሰዱ። ፕላስቲኳ ትረክሳለች፤ ግን የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ የሚመታው ኮክፒት ውስጥ ከተረሳች ትጣመማለች፣ ዲስኳም አልዞር ይላል። አሉሚኒየሟም ቢሆን እጅ ታቃጥላለች፤ ከማኅደሯ አታውጧት።

ፈታኙ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ስለ አየሩ መሳሳት መጠየቁ አይቀርም። የድሬ ማረፊያ 3,800 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዲስኳ ትንሽ መስኮት 35 ዲግሪን ከዚህ ከፍታ ጋር ስታገጥሙ ዴንሲቲ አልቲትዩዱ (የአየሩ መሳሳት በከፍታ ሲለካ) 7,000 ጫማን ያልፋል። ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት በዚያው ልክ ይረዝማል።

እውነተኛው ፈተና አየር ላይ ነው። ጥሩ ፈታኝ የመንገድ ቅየራውን ቀድሞ አቅዶ ይይዛል፤ ለተፈታኙ ግን ድንገት ነው፦ «ወደ ጅግጅጋ ቀይር፤ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ነዳጅ?» ርቀቱ 65 ኖቲካል ማይል፣ ፍጥነቱ 100 ኖት (በሰዓት 100 ኖቲካል ማይል) ይሁን። የ60ዋን ቀስት ከ100 ሥር አድርጉ፤ ከ65 ትይዩ 39 ደቂቃ ይነበባል። የነዳጅ ፍጆታው በሰዓት 8 ጋሎን ከሆነ ደግሞ ለ39 ደቂቃው 52 ይወጣል። 52 ጋሎን ብሎ የሚመልስ ወደቀ፤ ዲስኳ ነጥብ አታሳይም፣ መልሱ 5.2 ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአሜሪካው የግል አብራሪ መለኪያ ከፍታው ከ200 ጫማ፣ አቅጣጫው ከ15 ዲግሪ በላይ መዛነፍ የለበትም። ስለዚህ ዲስኳ በአንድ አውራ ጣት ካልዞረች አትግዟት። ነፋስ የሚሰላበት የዲስኳ ሌላ ገጽ እርሳስ ይፈልጋል፤ እስክሪብቶ አይለቅም።