ሞተር ይውረድ ተብዬ ነበር፣ ታፔላ የሌለው ጋራዥ በጌጅ አዳነኝ

ስለ ጋራዥ ጥሩ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ይኸው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ያረጀች ግን የማትጨቀጭቅ። ባለፈው ወር ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስነዳ ያቺ ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። በማግስቱ ቀለበት መንገድ ላይ ፈጠን ስል ደገመችኝ። ዳር ይዤ ዘይቱን አየሁት፣ ልኩ ሙሉ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ሞተሩን አስነስተው ሁለት ደቂቃ አዳመጡና «እህቴ፣ ቤሪንጉ አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል» አሉኝ (ቤሪንግ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ ነው)። ምንም አልለኩም! ገንዘቡ ካልደረሰልሽ ለጊዜው ወፍራም ዘይት፣ 20 ደብልዩ 50 አድርጊበት፣ መብራቱ ይጠፋል ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ጠረጠርኩ። እኔ የመጣሁት መብራት ላስጠፋ ነው እንዴ?

የሥራ ባልደረባዬ ጎፋ አካባቢ ያለ፣ ታፔላ እንኳ የሌለው ጋራዥ ጠቆመኝ። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮፈኑን ሳይከፍቱ «መቼ ነው የሚበራው ልጄ? ቆመሽ ነው ስትነጂ?» አሉኝ። ነዳጅ ስረግጥ ነው አልኳቸው። ቤሪንግ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚመጣው ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ነው፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል፤ ያንቺ ተገላቢጦሽ ነው አሉ። ይህን ጥያቄ ያኛው ጋራዥ ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ መብራቷን የሚያበራውን የዘይት ግፊት ሴንሰር ሶኬት ነቅለው ዘይት ገብቶበት እንደሆነ አዩ። ንጹህ ነው። ሴንሰሩን ፈተው በቦታው የጌጁን (የዘይት ግፊት መለኪያውን) ቱቦ አሰሩ፣ ፋኑ እስኪነሳ ሞተሩን አሞቁት፣ ጌጁን እኔ ያዝኩት። በሚኒሞ 14 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። በእሳቸው ልክ ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 10 ፒኤስአይ ከተገኘ ሰላም ነው። 3,000 ዙር ሲያደርሱት መርፌዋ 30 ድረስ ወጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቁልቁል 4 ላይ ወረደች። ወዲያው አጠፉት። «ፓምፑ ይጠባል፣ የሚጠባው ግን አጣ።» መብራቷ የምትበራው ግፊቱ 5 አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ ሳትበራም ሞተሩ ሲጠማ ከርሞ ይሆናል ሲሉኝ ሆዴ ባር ባር አለ።

ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበትን ገንዳ ሲያወርዱት ነገሩ ወጣ። የፓምፑ ወንፊት በቀይ ሲልኮን ተደፍኗል፣ እንደ ተቦጫጨቀ ላስቲክ ክር ክር ሆኖ። አምና ዘይት ያንጠባጥብ ነበርና አንዱ መካኒክ ገንዳውን ሲያሽግ ሲልኮኑን እንደ ቅቤ ለቅልቆታል፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ተገነጣጠለ። እኔም ያኔ ማንጠባጠቡ ስለቆመ መርቄው ነበር!

በጣም ደስ ያለኝ የፊልትሮው ነገር ነው። አሮጌውን በመጋዝ ቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው በባትሪ አሳዩኝ። የብረት ብናኝ ቢኖር ያኛው ጋራዥ እውነቱን ነው ማለት ነበር። የለም። ወንፊቱ ታጠበ፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገባ፣ እንደገና ተለካ፦ በሚኒሞ 15፣ 3,000 ላይ 46።

ለእጅ 6,500 ብር ከፈልኩ፣ ዘይትና ፊልትሮ የራሴ። ሞተር ለማውረድ ከመቶ ሺህ በላይ ነበር የተጠየቅኩት።

ቅሬታም አለኝ። በአንድ ቀን ያልቃል ተብሎ ሦስት ቀን ፈጀ። ደረሰኝ የለም። መቀመጫ የለም፣ ጎማ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ነጭ ሱሪ ለብሶ የሚሄድ ወዮለት። ስልክ ቢደውሉላቸውም አያነሱም።

ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ ለሦስቱ ቀን ተቀንሳለች። የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ግቢው ከአራት መኪና በላይ አይዝም።