ፎቶ ቤታችን ፕሮግራም ላይ የተጨመረው ዙም፣ ከስምንት ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ አልበም፣ አሮጌ ፎቶ ማደስ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ፎቶ የምመርጥበትንና የምቆርጥበትን ፕሮግራም የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው። በፓይተን ቋንቋና በኪውት (መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ ነው) የተጻፈ፣ ከእኛ ቤት ውጪ ማንም የማያውቀው ነገር ነው። መጀመሪያ ዙም የሚባል፣ ፎቶውን አስፍቶ አጥብቦ ማያ፣ አልነበረውም። ፎቶው መስኮቱን ሞልቶ ይታያል፣ በቃ። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ባለፈው ጥቅምት «ጋሼ፣ ዙም ልጨምርልህ» አለኝና ጨመረ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሥራው «ምነው ባልተጨመረ» የሚያሰኝ ነበር። ፕላሱን ስነካ 25 በመቶ ይጨምራል፣ ማይነሱን ስነካ 25 በመቶ ይቀንሳል። እኩል ይመስላል፤ አይደለም። 100 የነበረው 125 ይሆናል፣ ከ125 ላይ ሩቡ ሲነሳ ግን የሚቀረው 93.75 ነው። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ብዬ የተነሳሁበት አልመለስም። ኮምፒውተር የተማረው እሱ ሆኖ ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ። 100 ብር የገዛውን 125 ብሎ ለጥፎ 25 በመቶ ቅናሽ ያደረገ ነጋዴ እንደከሰረ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አሁን ፕላሱ በ1.25 ያባዛል፣ ማይነሱ በ1.25 ያካፍላል። ሦስቴ ስጫን እጥፍ ገደማ፣ ስድስቴ ስጫን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ስመለስም ልክ ነው።

ከዚያ የመጣው ችግር የራም፣ ኮምፒውተሩ የከፈተውን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነው። ካሜራዬ 6000 በ4000 ፒክስል ያነሳል፣ 24 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። አንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲይዝ አንዱ ፎቶ ሲከፈት 96 ሜጋባይት ይወስዳል። ፕሮግራሙ ዙም በተደረገ ቁጥር የፎቶውን ትልቅ ቅጂ ይሠራ ነበር፤ 400 በመቶ ሲሆን ወደ ጎን አራት ወደ ታች አራት፣ በድምሩ 16 እጥፍ፣ ከአንድ ጊጋ ተኩል በላይ። የኔ ኮምፒውተር ጠቅላላ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ተማሪ ወንበሩ ላይ አንገቱን አቅንቶ እንደተቀመጠ ማሽኑ ደርቆ ቀረ። የእህቴ ልጅ አሠራሩን ከሥሩ ቀይሮ አሁን ስክሪኑ ላይ የምትታየውን ቁራጭ ብቻ ነው አስፍቶ የሚስለው።

በዚያው ለውጥ የመጣችው ነገር ናት ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ። በፊት ዙም የሚያደርገው ከፎቶው መሃል ነበር። የጥር ሠርግ ነው እንበል፤ አርባ ሰው በአንድ ፎቶ ተደርድሯል፤ ዳር ላይ የቆሙትን አያት ላይ ብዬ ሳሰፋ የሚዜው ክራባት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ከዚያ ወዲያ አያትን ፍለጋ ነው። አሁን የማውሱ ቀስት ያረፈበት ቦታ ሳይነቃነቅ ሌላው ዙሪያውን ይሰፋል። ኪውት ውስጥ አንዲት የኮድ መስመር ብቻ ናት አለኝ። ለአንዲት መስመር ሁለት ወር ማስጠበቁን አልረሳሁለትም።

መብራት ሲጠፋ ወደ ላፕቶፑ እዞራለሁ፤ እዚያ ደግሞ ታችፓዱ፣ በማውስ ፈንታ በጣት የሚነካው ሰሌዳ፣ አስቸገረ። የማውሱ ስክሮል አንድ እርከን ሲዞር 120 የሚል ቁጥር ይልካል፣ ታችፓድ ግን ጥቃቅን ቁጥሮችን በተከታታይ ያዘንባል። ፕሮግራሙ እያንዳንዷን እንደ ሙሉ እርከን ስለሚቆጥር፣ በጠዋት ብርድ ቆፈን የያዘው ጣቴ ገና ሲነካው ፎቶው ጣሪያ ይነካል። ተስተካክሏል።

ስለ ማለስለስ፣ ነጥቦቹን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ማዋሃድ፣ አንድ ነገር ልበል። ፎቶ ሲያንስ መለስለስ አለበት፤ አለዚያ ነጠላው ላይ ጨርቁ ውስጥ የሌለ ሞገድ ይታያል። ሲተልቅ ግን ማለስለሱ ያታልላል፣ ጥርት ያለውን የደበዘዘ ያስመስለዋል። በዚህ ተሸውጄ ሁለት ጥሩ ፎቶ ጥያለሁ። አሁን ከ200 በመቶ በላይ ነጥቦቹ አራት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ። አያምርም፤ ግን ልኩን አውቃለሁ።

ጥጉ ላይ ያለችውን የመቶኛ ቁጥር መጀመሪያ ንቄያት ነበር። ስክሪኔ ወደ ጎን 1920 ፒክስል ነው፣ ፎቶው 6000። በ100 በመቶ፣ አንዱ የፎቶ ነጥብ በአንድ የስክሪን ነጥብ፣ ሳየው እንግዲህ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ፎቶ አፍንጫዬ ሥር ሰቅዬ እያየሁ ነው። ደንበኛው የሚወስደው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። ማንም የማያያትን ብጉር ለማጥፋት ስንት ማታ እንዳመሸሁ ቤት ያሉት ይመስክሩ።

መጋቢት ላይ ከመንዝ የመጡ አንድ አዛውንት የእናታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። ጥቁርና ነጭ፣ 6 በ9 ሳንቲ ሜትር፣ መሃሉ የታጠፈ፣ ውሃ የነካው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ 800 በመቶ ላይ ነቁጥ በነቁጥ አጸዳሁት፤ ሁለት ማታ። ተመልሰው ሲመጡ ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄደው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። የእናቴን ንቅሳት ግን ምን አደረግኸው?» አሉኝ።

እናታቸው ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራቸው። በ800 ስክሪኔ የሚያሳየኝ ከወረቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ የደበዘዘ ንቅሳትና የውሃ እድፍ መልካቸው አንድ ነው። ሙሉውን ባየው ኖሮ ሕፃንም መስቀል ነው ይለኝ ነበር። ዋናው ስካን ስላልጠፋ እንደገና ሠራሁት፤ ሌላ ሁለት ማታ። አዛውንቱ አልተቆጡኝም፣ ያ ይብስ አሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲህ የእህቴን ልጅ አንድ ነገር አስጨመርኩት፦ ስፔስ ተጭኜ እስከያዝኩ ድረስ ሙሉው ፎቶ ይታያል፣ ስለቅ ወደነበርኩበት ይመለሳል። ዙሙ ላይ ካሉት ሁሉ ብዙ የምጠቀመው ይህንኑ ነው።

የቀረው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አብረው ዙም የሚሆኑበት ነው። ፈተናው ሲያልቅ እሠራለሁ ብሏል። እስከዚያው ሁለት መስኮት ከፍቼ በየተራ አሰፋለሁ፤ አንዱን 156 ሌላውን 195 ላይ ትቼው የቱ ይበልጥ ጥርት አለ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር እገኛለሁ።