ለትምህርት ቤት አማካሪዎች የሚሰጥ የኢትኖግራፊ ሥልጠና፦ 3,500 ብሩ ያዋጣል?

የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ይሄን የኢትኖግራፊ (ከሰዎች ጋር እየዋሉ ኑሯቸውን በቅርብ እያዩ የማጥናት ዘዴ) ሥልጠና አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቅዳሜ ወሰድኩት። የማማርረው ነገር ስላለኝ የድርጅቱን ስም አልጠራም።

አሠልጣኟ ብዙ አታወራም። በመጀመሪያው ቀን "ክፍል ውስጥ ከኋላ 40 ደቂቃ ተቀመጡና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ" ብላ ሰደደችን። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ "አንዱ ልጅ ሰነፍ ነው" ብዬ ጽፌ መጣሁ። በቀይ ሰረዘችውና "ስንፍና በዓይን ይታያል እንዴ? ምን አየህ?" አለችኝ። አፈርኩ። ያየሁት ግንባሩን ዴስኩ ላይ የደፋ፣ እጅጌው ላይ ሊጥ የደረቀበት ልጅ ነው። እናቱን አስፈቅጄ ቤታቸው ስሄድ ለካ ልጁ በሌሊት ተነስቶ እንጀራ ሲያጋግር ቆይቶ፣ ለሦስት ሱቅ አድርሶ ነው ክፍል የሚገባው። እኔ ደግሞ ሁለቴ ቢሮ ጠርቼ ተቆጥቼዋለሁ። (ይሄን ስጽፍ እሱም እናቱም ፈቅደውልኛል።)

ከተነሱት ጥናቶች የያዘኝ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሸርሊ ብራይስ ሂዝ ነው። አሜሪካ፣ ካሮላይና ውስጥ ለዓመታት ከቤተሰቦች ጋር እየዋለች ያጠናችውን በ1983 እ.ኤ.አ. አሳተመች። በአንዱ የጥቁሮች ሰፈር ትልልቅ ሰዎች መልሱን እያወቁ ልጅን "ይሄ ምን ቀለም ነው?" ብለው የመጠየቅ ልማድ አልነበራቸውም። አስተማሪ እንዲህ ሲጠይቃቸው ልጆቹ ዝም ይሉ ነበር፤ ደካማ ተባሉ። አስተማሪዎቹ አጠያየቃቸውን ሲቀይሩ ግን አፋቸው ተፈታ። አንዷ ሠልጣኝ "እኛ ጋ እንቆቅልሽ አለ፣ እሱስ ጠያቂው መልሱን ያውቀው የለ?" ብላ ሻይ ሰዓቱ በክርክር አለቀ። ከአራቱ ቅዳሜ ምርጡ ሰዓት እሱ ነበር።

ወደ ምሬቴ ልምጣ። የሥነ ምግባሩ ትምህርት 20 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን እየሰበሰበ! አማካሪ እኮ የሰው ገመና የሚሰማ ነው። ልጁ ምክር ፈልጎ የነገረኝን ለጥናት ልጽፈው እችላለሁ? የሚፈቅደው እሱ ነው ወላጁ? ደብተሩስ የት ይቆለፋል? ስጠይቅ "ጥሩ ጥያቄ ነው" ተባልኩ፣ በቃ። ሰርተፍኬቱም "ሰኞ ይደርሳል" ከተባለ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ብሩ ለእኔ አዋጥቷል። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ደብተር ከቤት ያዙ፤ እነሱ የሚሰጡት ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ገጹ መርገፍ ይጀምራል።