«ላይፍ ጃኬት ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ሰደርያ ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

ጀመዓ፣ ይህን የምጽፈው እዚህ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቃችን ዳር ለምትውሉ፣ ጀልባ ለምትቀዝፉ፣ እንደ እኛ ሸራ ያለው ሰሌዳ መንዳት ለጀመራችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከደሴም ከኮምቦልቻም ለመዝናናት ለምትመጡ ሁሉ ነው። ሁለት ሰደርያ በ19,000 ብር ገዝተን ታናሽ ወንድሜን ልናጣው ነበር። ብሩስ ይቅር። ያው ዕቃ ግን ዛሬም እየተሸጠ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ ነው። የዊንድሰርፊንግ ሰሌዳና ሸራ ይዞልን መጣ። ሰሌዳው ላይ ቆመህ ሸራውን በእጅህ ይዘህ ነፋስ እየገፋህ የምትሄድበት ነው። እሱ ራሱ ከዚያ አልፎ ፎይል ወደሚሉት ገብቷል። እዚያኛው ላይ ከሰሌዳው ሥር ረጅም ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው ጫፍ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ያለ ክንፍ አለ፤ ፍጥነት ሲያገኝ ሰሌዳውን ከነሰውየው ከውሃው በላይ ያነሳዋል። ሲመለስ «መከላከያ ሰደርያ ሳትለብሱ እንዳትገቡ» ብሎን ነው የሄደ።

እኛም ፈለግን። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ፣ ደሴም ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ አገኘን። ጥቁር፣ የሚያምር፣ ደረቱ ላይ «50 ኒውተን» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ሰደርያ አሳየን፤ ኒውተን የሚሉት የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው። «ለሰርፍም፣ ለጀልባም፣ ዋና ለማይችል ሰውም ይሆናል፤ አብሽር» አለን። ደረሰኝ ስንጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ውሰዱ አለ። ብሩን በሞባይል አስተላለፍን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ዕቃውን በእጃችን ጨምቀን እንኳ አላየነውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ነፋሱ ሲነሳ ወንድሜ ገባ። ከዳር ራቅ ካለ በኋላ ወደቀ፤ ሲወድቅ ሸራውን የሚይዙበት ዘንግ፣ ቡም የሚሉት፣ ጎኑን መታው። ልጁ ዋና ይችላል፣ ያደገው ሐይቅ ዳር ነው። ነገር ግን ጎኑን የተመታ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። መጀመሪያ ላይ ሰደርያው ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ ሸሸና አገጩ ሥር ገባ። በአንድ እጁ ሰሌዳውን ይዞ በሌላው ሰደርያውን ወደ ታች ሲጎትት ከዳር ቆሜ አያለሁ። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ያን ጊዜ ከዚህ ሌላ የሚታሰበኝ አልነበረም። ሰሌዳውን አለመልቀቁ አተረፈው። ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ ደርሰው ሲያወጡት ከሰደርያው የሚወርደው ውሃ ከታጠበ ጋቢ የሚወርድ ይመስል ነበር። ልብሱ ከእነሱ እጅ ላይ ከበዳቸው፤ «ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» እያሉ ነው ያወለቁለት።

ቤት ስንገባ ያልተነካውን ሁለተኛውን አወጣሁ። ጎረቤታችን ሱቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 800 ግራም። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ደፍቄ አቆየሁትና መልሼ ስመዝነው 4 ኪሎ ከ600። ስፌቱን በምላጭ ስተረትረው ውስጡ ብጫ የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ ያውም ቁርጥራጭ፣ በማጣበቂያ የተገጣጠመ። ስጨብጠው መዳፌ ውስጥ ይጠፋል፣ ስለቀው ውሃ ይጠጣል።

ትክክለኛው ዕቃ ውስጡ ስፖንጅ አይደለም። ፎሙ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው የተዘጋ ስለሆነ ውሃ አይገባበትም፤ አየሩን እንደያዘ ይቆያል። ሰውን የሚያንሳፍፈው ያ የታሰረ አየር ነው። ስፖንጅ ግን ቀዳዳው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይንሳፈፍና አየሩን በውሃ ይለውጣል።

የእኛ ዕቃ አስመሳይ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን እውነተኛው ዕቃ ራሱ ያለ ቦታው መሸጡ ነው። ይህን የአጎቴ ልጅ በስልክ ካስረዳኝ በኋላ ነው የገባኝ። ኢምፓክት ቬስት የሚባለው ሰደርያ የተሠራው ለምት ነው። በፍጥነት ስትወድቅ፣ ሰሌዳው ወይም ቡሙ ወይም የፎይሉ ምሰሶ ጎድንህን ሲመታህ ምቱን እንዲያበርድልህ ነው። ፎሙ ስስ ነው፣ ትንሽ ያንሳፍፍ ይሆናል፣ ብዙዎቹ ግን ለማንሳፈፍ የተፈተኑ አይደሉም። እንዲያውም ብዙዎቹ ላይ በውስጥ በኩል «ይህ የነፍስ አድን ልብስ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ፎይል የለመዱ ሰዎች ይህን ስሱን የሚመርጡት በምክንያት ነው፤ ሸራው ከላያቸው ሲወድቅ ጠልቀው መውጣት አለባቸው፣ እጃቸውም እንደ ልብ መንቀሳቀስ አለበት። የፎይሉ ክንፍ ጠርዙ ስል ነውና የራስ ቁርም አብረው ያደርጋሉ።

ላይፍ ጃኬት ሌላ ነው። ዋና ለማይችል የጀልባ ተሳፋሪ የሚሆነው 100 ወይም 150 ኒውተን የሆነው፣ አንገቱ ጋ ወፈር ያለው፣ የደከመን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲመልስ ተብሎ የተሠራው ነው። 50 ኒውተን የሆነው ዋና ለሚችል፣ ራሱን ለሚያውቅና እርዳታ ቅርቡ ላለ ሰው ነው። ራሱን የሳተን ሰው አይገለብጠውም። እና ያ ሻጭ ለሕፃንም ለአዛውንትም «ይሆናል» ሲል የሰው ነፍስ እየሸጠ ነው። ለበዓል ወደ እስጢፋኖስ ገዳም መጥቶ ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚሳፈረው ሰው ብዙው ዋና አይችልም።

50 ኒውተን ማለት ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ውሃ ላይ ማቆየት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የሰው ገላ ግን ውሃ ውስጥ ስለሚቀል ይበቃዋል። ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። ሰደርያውን አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ደፍቃችሁ አቆዩት፣ ከዚያ የ5 ኪሎ የሚዛን ብረት እሰሩበትና ጥልቅ በርሜል ውስጥ ልቀቁት። በትልቅ ሰው ልክ የተሠራ እውነተኛ 50 ከሆነ ብረቱን ይዞ ይንሳፈፋል። የእኛን 1 ኪሎ ብረት ይዞት ወረደ። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ እዚያው ተዉለት።

ውሃ በሌለበት ሱቅ ውስጥ ደግሞ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ጥሩው ፎም ጠንከር ይላል፣ ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል። ጣታችሁ ከወዲያኛው ጨርቅ ጋር ከተገናኘ ስፖንጅ ነው። ከዚያ ውስጡን ገልብጡና የተሰፋ ምልክት ፈልጉ፤ ደረት ላይ የታተመ ጽሑፍ ማንም ያትመዋል። የተሰፋው ላይ የአምራቹ ስም፣ የሚለብሰው ሰው ክብደት፣ የደረት ልክ፣ ኒውተኑና የደረጃው ቁጥር መኖር አለበት። ለ50 ኒውተን አይሶ 12402-5 ነው፤ ለ100 መጨረሻው 4፣ ለ150 መጨረሻው 3 ይሆናል። ሲኢ (CE) የሚለው የአውሮፓ ምልክት ብቻውን አይብቃችሁ። ቁጥሩም ሊኮረጅ ይችላል፣ ስለዚህ የብረቱ ፈተና አይቅር።

ልኩን ችላ እንዳትሉ። ወንድሜን ያነቀው ሰፊነቱ ነው። ለብሳችሁ ዚፑንም ቀበቶውንም ከቆለፋችሁ በኋላ ሌላ ሰው ከኋላ ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ ይሳብላችሁ። አገጫችሁ ከደረሰ ለናንተ አይሆንም። «ያድጋል፣ ሰፋ ያለ ይሁንለት» ብላችሁ ለልጅ እንደ ትምህርት ቤት ልብስ አትግዙ፤ እባካችሁ። ዊንድሰርፍ የምትነዱ ደግሞ ሃርነሱን፣ ማለትም ሸራውን በወገብ የሚያንጠለጥለውን ቀበቶ፣ ይዛችሁ ሂዱና ከላዩ አስራችሁ ሞክሩት። ረጅም ሰደርያ ከሃርነሱ ጋር ይጣላል፣ ወደ ላይም ይገፋል። ቀለሙም ጥቁር ባይሆን እላለሁ፤ ውሃ ላይ ብርቱካናማና ቢጫ ነው ከሩቅ የሚታየው።

የእኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ፦ እኛ የምንጫወትበት ዳር ፈጥኖ የሚደርስ የነፍስ አድን ጀልባ የለም። የሐይቃችን ውሃም የባሕርን ያህል ጨው ስለሌለው ሰውን ከባሕር ያነሰ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ለጀማሪ ስሱ ኢምፓክት ቬስት ይቅርና ምትም የሚያበርድ፣ ለማንሳፈፍም 50 ኒውተን ተፈትኖ ያለፈ ይፈልግ። ሁለቱን ያጣመሩ ዕቃዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ ግን አሉ።

ዕቃውን ይዤ ሻጩ ጋ ተመልሼ ነበር። የተተረተረውን አሳየሁት። «ውሃ የነካ ዕቃ አልመልስም» አለኝ። ለውሃ ተብሎ የተገዛ ልብስ! ከተማው ውስጥ ለሚመለከታቸው ሳመለክት መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው፤ የለኝም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እናንተ ደረሰኙ እጃችሁ ሳይገባ ብር አታስተላልፉ። በቴሌግራም የምትገዙ ደግሞ ማስታወቂያውንና ምልልሱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ የእኔን እሱ አጥፍቶታል።

ወንድሜ ጎኑ ለአሥር ቀን አሞት አሁን ድኗል። ሁለቱ ሰደርያዎች ሆዳቸው እንደተከፈተ እኔ ጋ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ነኝ፤ በርሜሉም የ5 ኪሎው ብረትም አብሮኝ አለ። የገዛችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንፈትሸው።